የጭነት መንጃ ፈቃድ ያዋጣል? ከሦስታችን ደብተር

ባለፈው ወር መተማ ዮሐንስ ያለች ደንበኛችን ደውላ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ «እናንተ አይታችሁታልና ንገሩኝ፤ ልጄን ደረቅ ጭነት ላስተምረው ወይስ በብሩ ሸቀጥ ልግዛበት?» አለችን። በስልክ ለመመለስ ከበደን። ይኸው በጽሑፍ እንመልስላት፤ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዛችሁም ብትሰሙት አይከፋም።

እኛ ዶካ ላይ አንድ መጋዘን የምንጋራ ሦስት ሴቶች ነን። ከጎንደር በኩል ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዝንጅብልና ቅመማ ቅመም እናስመጣለን፤ ከገዳሪፍ ሳሙና፣ ብስኩትና የቤት ዕቃ እንልካለን። ዶካ በገዳሪፍና በገላባት መካከል አስፋልቱ ላይ ያለች ከተማ ናት። ትርፋችንም ኪሳራችንም በመኪና ነው የሚመጣው።

በ2014 ዓ.ም. የሰሊጥ ወቅት ሲያልቅ፣ በዕድሜ የምትበልጠን የታላቃችን ልጅ መጣና «የዚህን ዙር ኸታ ለእኔ ስጡኝ፤ የጭነት መንጃ ፈቃድ ላውጣበት» አለን። ኸታ እዚህ ሱዳን ዕቁብን የምንጠራበት ስም ነው። ተራው የኛ ነበር፤ ብሩን ለሸቀጥ አስበነው ነበር።

እናቱ ወዲያው «አይሆንም» አለች። «መንገድ የወሰደውን አይመልስም» አለች። ታናሻችን ደግሞ «በየወሩ ለሰው ሾፌር የምንከፍለውን ለራሳችን ልጅ ብንከፍል ምን አለበት?» አለች። ከመካከላችን የንግድ ሥራ ዲፕሎማ ያላት ደብተር አወጣችና ገጹን ለሁለት ከፈለችው፤ ወጪ፣ ገቢ። ያን ሌሊት ስንጽፍና ስንሰርዝ አመሸን።

ወጪው መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር፤ የማሰልጠኛው ክፍያ፣ የዓይንና የጤና ምርመራው፣ የፈተናው፣ ጎንደር ላይ የሚያድርበትና የሚበላበት። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት መንጃ ፈቃድ በየዓይነቱ ነው፤ ሕዝብ ለብቻ፣ ደረቅ ጭነት ለብቻ፣ ፈሳሽ ጭነት ለብቻ። በጭነቱም ውስጥ ደረጃ አለ። ከአነስተኛ አይሱዙ ተነስቶ ተሳቢ እስኪደርስ ሰው ጊዜ ይፈጃል። እኛ ግን «መንጃ ፈቃድ» ስንል አንድ ወረቀት መስሎን፣ ልጁ ወጥቶ በማግሥቱ ተሳቢ የሚይዝ መስሎን ነበር። ይህን ማንም አልነገረን፤ ለእናንተ ቀድመን እንንገራችሁ።

ሥልጠናው ላይም ታዘብን። በአንድ መኪና ብዙ ተማሪ ይሰለፋል፤ መሪ የሚይዙበት ደቂቃ ትንሽ ነው፤ መኪናው ባዶ ነው። በኮምፒውተር የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና በመጀመሪያው አለፈ፤ በተተከሉት እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ ማስገባቱ ላይ ወደቀ። በሁለተኛው አለፈ። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ቡና አፈላን፣ ፈንዲሻ በተንን። እውነቱን ለመናገር ግን ልጁ ኩንታል የተጫነበት መኪና ነድቶ አያውቅም ነበር።

ያዳነን አንድ አረጋዊ ሾፌር ናቸው። ዕቃችንን ለብዙ ዓመት ያመላለሱ፣ ፀጉራቸው መንገድ ላይ የሸበተ ሰው ናቸው። ልጁ «ጋሼ፣ መኪናውን አንድ ጊዜ ይስጡኝ» ሲላቸው «መንዳትማ ትነዳለህ ልጄ፤ ማቆም ነው ሙያው» አሉት። ዓመት ሙሉ ረዳት አድርገው ያዙት። ሸራ ማሰር፣ ጎማ መፍታት፣ ከረጢት ቆጥሮ መረከብ፣ ቁልቁለትን ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ፣ ፍሬን ሲግል መጠበቅ፤ ይህን ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ትምህርት ደብተራችን ላይ ክፍያ አልጻፍንም፤ ዛሬ ላይ ስናየው ግን ከሁሉም የበለጠው ነው።

ከዚያ የድንበሩ ነገር መጣ። ልጁ ከጎንደር ዶካ ድረስ በአንድ መሪ የሚመጣ መስሎን ነበር። የእኛ ዕቃ ግን ድንበር ላይ ከመኪና ወደ መኪና ይገለበጣል፤ መተማ ድረስ የኢትዮጵያ ታርጋ፣ ከገላባት ወዲህ የሱዳን ታርጋ። የኢትዮጵያ መኪና ይሻገር ቢባል እንኳ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑና የኮሜሳ ቢጫ ካርዱ መሟላት አለበት። ሱዳንና ኢትዮጵያ ሁለቱም በቀኝ ስለሚነዱ እንደ ሞያሌ ሾፌር በኬንያ በኩል ጎን መቀየር የለብንም፤ ያ አንዱ እፎይታ ነው። የዚህ አገር መንጃ ፈቃድ፣ ሩኽሳው፣ ግን ሌላ ነው፤ የዚህ አገር ትራፊክ፣ ሙሩሩም፣ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ የትኛው ወገን ላይ እንደሚሠራ ብር ሳትከፍሉ ወስኑ። የኛ ልጅ የሚሠራው ከመተማ እስከ ጎንደር ባለው ብቻ ነው። ለዶካ መጋዘናችን የሚጠቅመን የመንገዱ ግማሽ ላይ ነው ማለት ነው።

ሥራ ሲያገኝ ደግሞ ባለመኪናው «ዋስ አምጣ» አለ። ልክ ነው፤ እኛም ብንሆን እንል ነበር። ታናሻችን ፈረመች። ከፈረመች በኋላ ነው ነገሩ ምን እንደሆነ የጠየቅነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲናገር፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ካለባቸው መካከል ሐኪምንና አሽከርካሪን ይጠቅሳል፤ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው፤ ጥፋቱ ሲከብድም ይጨምራል። በሱዳን በኩል የሆነ እንደሆነ በስህተት ሰው የገደለ ዲያ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ይጠየቃል። የዋስ ፊርማ በንግድ ቋንቋ ዕዳ ነው፤ ያልደረሰ ዕዳ ነው እንጂ ዕዳ ነው። በወጪው በኩል አዲስ መስመር ጨመርን፤ መጠኑን ግን ባዶ ተውነው።

ገቢውስ? የግል ባለመኪና የሚከፍለው ወርኃዊ ደሞዝ ትንሽ ነው፤ ሾፌር የሚኖረው በጉዞው አበል ነው። መኪናው ከቆመ አበሉም ይቆማል። ልጁ ገና ረዳት ሳለ፣ በ2014 ክረምት መግቢያ ላይ ድንበሩ ለሳምንታት ተዘጋ፤ አበል ማለት ምን እንደሆነ ያኔ አየን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ በአውቶቡስም በጭነት መኪናም በዶካ በኩል ወደ ገላባት ይጎርፍ ጀመር። ንግዱ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ በመተማና በጎንደር መንገድ ሾፌርና ረዳት እየታገተ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። ደብተራችን ላይ እንደያዝነው ልጁ መሪ በያዘበት በመጀመሪያው ዓመት ሰባቱን ወር ነድቷል፤ አምስቱን ቆሟል። ያወጣንበትን ብር እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ታዲያ ከሰርን? በደብተሩ ከሆነ አዎ። ነገር ግን ሌላውንም እንናገር።

እሱ ከመሄዱ በፊት ባለው ክረምት፣ የማናውቀው ሾፌር አንድ ሙሉ ጭነት ዝንጅብላችንን ሸራ ሳያለብስ አሳድሮ አበስብሶብናል። ስንደውል አያነሳም ነበር። አሁን ዕቃችን ሸህዲ ላይ ሦስት ቀን ቢያድር እንኳ ማታ ማታ ይደውልልናል፤ «ሸራው ደህና ነው፤ ከረጢቱ አልጎደለም፤ መንገዱ ነገ ይከፈታል ብለዋል» ይለናል። ስለዚህ ለገዢ ቀን አንዋሽም። የዱቤ ደንበኞቻችን የጨመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኪራይ ስንደራደርም ነዳጁ ስንት እንደሚፈጅ፣ የቱ ክፍያ እውነት፣ የቱ ጭማሪ እንደሆነ የሚነግረን ሰው አለን። እዚህ በኸሪፍ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ያለው የገዳሪፍ ጥቁር ዋልካ ሲጨቀይና ከትራክተር በቀር የሚገባ ሲጠፋ፣ የሱዳን ሾፌሮች ለምን ዋጋ እንደሚጨምሩም አሁን ይገባናል። ድሮ ሌብነት ይመስለን ነበር።

በደብተሩ ሊጻፍ ያልቻለ አንድ ወጪ ግን አለ። ታላቃችን ልጇ መንገድ ላይ ባለ ቀን አትተኛም። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን ይዛ ግቢው መሃል ትቆማለች። አንድ ሌሊት እስከ ንጋት አልደወለም፤ ሦስታችንም ቡና እያፈላን አብረናት ተቀመጥን። ጠዋት ሲደወል ባትሪው አልቆበት ነበር። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ስልኩን ዘጋችና አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «ይህንንም ጻፉት» አለችን። ጻፍነው። መጠኑን ግን አሁንም ባዶ ትተነዋል።

እንግዲህ ለጠየቅሽን እህታችን መልሳችን ይህ ነው። ልጅሽ ከማሰልጠኛው በኋላ ዓመት ረዳት ሆኖ መሥራት ካልፈለገ አታስተምሪው፤ ወረቀቱ ብቻውን እንጀራ አያበላም። መኪና ያለው የሚታወቅ ሰው ሳታገኚ ብሩን አታውጪ፤ መንጃ ፈቃድ ይዞ በር የሚቆም ወጣት ብዙ ነው። ዋስ የሚሆንለት ሰው አንቀጹን አስነብቢው፤ አውቆ ይፈርም። የምትሰጪው ብር ደግሞ ለሸቀጥ መነሻ ያለሽ ብቸኛው ብር ከሆነ ይቅርብሽ፤ ሱቅሽን ዘግተሽ ልጅሽን መንገድ ላይ አታውጪ። መንገዱ የተዘጋ ቀን ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

እነዚህ ከተሟሉ ግን አስተምሪው። በሁለት ዓመት ይመልሳል ብለሽ አትጠብቂ። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የመተማ መንገድ ቢዘጋ እንኳ ደረቅ ጭነት ያለው ሰው ሌላ መንገድ ይዞ እንጀራውን ይፈልጋል። የኛም ልጅ ይህንኑ እያሰበ ነው። ዕቃው ሲዘጋበት የሚቀመጥ ነጋዴ እንጂ ሙያ ያለው አይደለም።

አረጋዊው ሾፌር አሁን መንዳት ትተዋል። ባለፈው ልጁ ሊጠይቃቸው ሲሄድ «ስንት ጊዜ ወጣህ?» አላሉትም፤ «ስንት ጊዜ በሰላም ገባህ?» ነው ያሉት። እኛም ደብተራችን ላይ አሁን የምንቆጥረው እሱን ነው። ለሁላችሁም መንገዱን የቀና ያድርግላችሁ።