ድገምልኝ በይኝ

እማዬ፣ የሕይወት ታሪክሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘመድ ጓዳ ንፍሮ ሲቀቅል፣ የእድር ሰዎች ደጅ ላይ ድንኳን ሲተክሉ፣ እኔ ሌሊቱን ወረቀት ላይ አቀርቅሬ አደርኩ። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብዬ ሰው ሁሉ እንደሚጽፈው ጻፍኩ። መሐሉ ላይም «የትምህርት ዕድል ባያገኙም ልጆቻቸውን አስተምረዋል» የሚል ጨመርኩ። ያመሰገንኩሽ መስሎኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳነበው ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን ድንኳን ስንገባ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ጎረቤትሽ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ። ደረታቸውን እየደቁ አወረዱት፦

በኩራዝ ጭላንጭል ፊደል የቆጠርሽ፣
ምን ብታነቢ ነው ዓይንሽን የከደንሽ?

ክው አልኩ። ለቅሶው ጋብ ሲል ተጠግቼ ጠየቅኳቸው። «አንድ አግዳሚ ላይ ነው የተማርነው፣ ልጄ» አሉኝ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ እኔ ሳልወለድ፣ የቀን ሥራችሁን ጨርሳችሁ ማታ ማታ ትሄዱ ነበር አሉ። «ከሁላችን ቀድማ ያነበበች እሷ ናት። አልነገረችህም እንዴ?»

አልነገርሽኝም፣ እማዬ። እኔም አልጠየቅኩሽም።

ሲመሽ ሙዳይሽን ከፈትኩ። ከመቀነትሽ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ፣ የወየበ የምስክር ወረቀት አገኘሁ። ጀርባው ላይ ስምሽን በእርሳስ ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል። የመጀመሪያው ተንጋዷል፤ ሦስተኛው ላይ እጅሽ ቀጥ ብሏል።

ታዲያ ያ ሁሉ ምሽት ምን ነበር? እንዝርትሽን እያሾርሽ «ና እስቲ፣ ዳዊቱን አንብብልኝ» ትይኝ የነበረው? እኔ ልጁ ጨዋታ እየናፈቀኝ፣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ መስመር እዘል ነበር። ያኔ እንዝርቱ ይቆማል። «ድገምልኝ» ትያለሽ። ያልገባሽ እየመሰለኝ፣ እየተነጫነጭኩ እደግመዋለሁ። ለካ ያስደገምሽኝ የዘለልኩትን ነው። አንድም ቀን «ዘለልህ» ብለሽ አላሳፈርሽኝም። ማንበብ ያቃተሽ መስለሽ ማንበብ አስተማርሽኝ።

እማዬ፣ ምነው አንዲት ምሽት ብትመለሺልኝ! ከእግርሽ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቃል ሳልገድፍ ባነበብኩልሽ። ዛሬ ዳዊቱን ከፍቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ሆን ብዬም አንዲት መስመር እዘላለሁ። ከዚያ ጆሮዬን አቀናለሁ። እንዝርትሽ ጥግ ላይ ተጋድሟል፤ ቤቱ ጭጭ ብሏል።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሕይወት ታሪክሽንም መስመር ዘልዬ አነበብኩት። አፈር ሳይጫንሽ፣ አጠገቤ ሳለሽ አነበብኩት።

እማዬ፣ ድገምልኝ በይኝ።