የተሳቢ መብራት በጥቅምት ለምን ይጠፋል?

ጥቅምት ገብቷል። ከማና እስከ አጋሮ፣ ከጌራ እስከ ሊሙ እሸት ቡና እየቀላ ነው። ስለ ለቀማውና ስለ ማድረቂያ አልጋው ብዙ ጊዜ ጽፌላችኋለሁ። ዛሬ ግን ስለ ትራክተር ተሳቢ የኋላ መብራት ነው የምጽፈው። «ይሄ ደግሞ የግብርና ባለሙያ ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ነው እንጂ!

ታጥቦ የሚዘጋጅ ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ መብላላት ይጀምራል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ቀን ይለቀማል፣ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፣ ይመዘናል፣ ይጫናል። ተሳቢው ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ 12 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ጠልቃለች። መንገዱ ላይ ደግሞ ባጃጅ አለ፣ ሞተር ሳይክል አለ፣ አይሱዙ አለ። ትራክተር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ከኋላ የሚመጣው ቶሎ ይደርስበታል። መብራት የሌለው ተሳቢ በጨለማ መንገድ መሃል እንደተገተረ ግድግዳ ነው።

መብራቱ በለቀማ ወቅት የሚያስቸግረው በአጋጣሚ አይደለም። አሮጌ ተሳቢ ለቀማ ካለቀ በኋላ ደጅ ይቆማል። ጅማ አካባቢ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው በክረምት ነው። ውሃው ሶኬቱና የመብራቱ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ብረቱ ይዝጋል፣ የሶኬቱ ናስ አረንጓዴ ያወጣል። ጥቅምት ላይ ሲቀጠል አይበራም።

አምና አንድ ወጣት የትራክተር ሹፌር፣ «ጋሼ፣ አምፖሉን ሦስቴ ቀየርኩት። ቀኝ ፍሬቻ ሳበራ የፍሬኑም መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰይጣን ገብቶበታል መሰለኝ» አለኝ። አምፖሉን አውጥተን አየነው፤ 24 ቮልት ይላል። ለአይሱዙ የተሠራ ነው። የእሱ ትራክተር ግን 12 ቮልት ነው፤ እንዲህ ያለው አምፖል እዚያ ላይ ቢበራም ፍም ያህል ነው። ትክክለኛውን አስገባን። ደመቀ፤ ብልጭ ድርግሙ ግን አልቀረም።

ቀጥለን ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ረጅም ሽቦ ስበን የመብራቱን ቤት ብረት ነካንበት። ሁሉም በየራሱ፣ በትክክል በራ! ሰይጣኑ ተገኘ፤ የመመለሻው መስመር ነበር።

ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ ገብቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። በብዙ አሮጌ ተሳቢዎች መመለሻው የተሳቢው ሻንሲ ነው፤ ከዚያም በመጎተቻው ብረት በኩል ወደ ትራክተሩ ይሻገራል። ዝገት፣ ቀለም ወይም ግራሶ መሃል ከገባ መንገዱ ይዘጋል። ያኔ ኤሌክትሪኩ እንደታገደ የቦይ ውሃ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ በጎረቤቱ አምፖል በኩል ይሄዳል። ፍሬቻና ፍሬን መብራት አብረው የሚርገበገቡት ለዚህ ነው። አምፖል ብትቀያይሩ ገንዘባችሁን እንጂ ችግሩን አትጨርሱም።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. አምፖሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከትራክተሩ ባትሪ ጋር አስተያዩ።

2. ሶኬቱን ነቅላችሁ አረንጓዴውን ዝገት ፍቁ፤ የላላውን ሽቦ አጥብቁ።

3. የመመለሻውን ሽቦ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘውን ቡሎን ፍቱ። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ግራሶውን ከላይ ብቻ ቀቡ።

4. በመጎተቻው ብረት አትተማመኑ፤ የራሱ የመመለሻ ሽቦ በሶኬቱ በኩል ይለፍ። በ12 ቮልት ባለ 7 ቀዳዳ ሶኬት ቦታው 3 ቁጥር ነው። በአሮጌ ተሳቢ ግን በሽቦው ቀለም አትመሩ፤ ስንት እጅ ነክቶታል።

5. ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ ፈልጉ። በፊውዙ ቦታ የሲጋራ ወረቀት ወይም ሽቦ የሚያስገቡ አሉ፤ ተዉ። ሽቦው ሲግል ከላዩ ጆንያና ደረቅ ጀንፈል ነው ያለው።

ከዚያ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ ሌላው 50 እርምጃ ርቆ ይመልከት። ጭቃ የሸፈነውን ቀይ አንጸባራቂም እጠቡ፤ እሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

ቡናው ተጭኖ መብራቱ እምቢ ቢልስ? አትነሱ። እሸቱን በዚያው ምሽት አልጋ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፣ ጀንፈል ይሁን። የታጠበ ቡና ዋጋ ሊቀርባችሁ ይችላል፤ በጨለማ ተሳቢው ሥር የገባ የሰው ልጅ ግን በምንም ዋጋ አይመለስም።

ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ለቀማው ሳይጦፍ በዚህ ሳምንት ጨርሱት። ያስቸገራችሁ ካለ ማሰልጠኛ ማዕከሉ ጋ አምጡት፣ አብረን እናያለን። መልካም የለቀማ ወቅት!