የቆመ ቁጥር

ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ ከወረሷቸው ቃላት መካከል እንደ «ኮንታኪሎሜትር» የምወደው የለም። ካቦ፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን… እነዚህ የዕቃ ስሞች ብቻ ናቸው። ይህኛው ግን ሥራውን ይናገራል፤ «ኪሎ ሜትር ቆጣሪ» ማለት ነው። እኛ መርፌውን አይተን ስለ ፍጥነት እናስባለን፤ ስሙ የወጣው ግን በጠባቧ መስኮት ውስጥ ቀስ እያሉ ለሚገለበጡት አሃዞች ነው። ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ጀርባ ቁጥር ሲያመሳክር ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አባቴ በደብረ ብርሃን ዙሪያ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክሉን የገዛው በ1995 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግዳት ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ «መነሻ 27,340» ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ቀኑን፣ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን መዝግቧል። ኅዳር 2002 ላይ 61,208 የሚለው ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛል። ቆጣሪው ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀንና ሊትር ብቻ ነው። ለምን እንደማያሠራት ስንጠይቀው «መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው» ይለን ነበር።

እስከ ኅዳር 2008 ድረስ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያለ ቁጥር ተመላለሰ። እነዚህን ዓመታት በሂሳብ ለመድረስ ሞከርኩ። ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 48 ሳምንት፤ በስድስት ዓመት 31,680 ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ የመዘገባቸው ሊትሮች ሲደመሩ 866 ናቸው፤ በቀድሞው ልምዷ በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 30,310 ይሆናል። ልዩነቱ 1,370 ነው። ለ22 ሲካፈል ወደ 62 የሥራ ቀናት ይጠጋል። ሊትሮቹ ሳስተው የሚታዩት በመጨረሻው ዓመት ነው። መታመሙን የነገረን በዚያው ኅዳር ወር ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን ሞተሩን አስነሥቶ ሲወጣ ሁላችንም እንሰማው ነበር። እነዚያን 62 ቀናት የት እንደዋለ እናቴም አታውቅም።

ዘንድሮ ሞተሯን ከዕቃ ቤት አውጥቼ ከአጥራችን ማዶ ወዳለው ጋራዥ ገፋኋት። ሜካኒኩ አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። መርፌውም ቁጥሩም አብረው ከቆሙ ጥፋቱ ከካቦው ወይም በፊት ጎማው እምብርት ካለው ጥርስ ነው አሉኝ፤ ቁጥሩ እየሄደ መርፌው ብቻ ቢሞት ኖሮ ከራሱ ከቆጣሪው ነበር። ዳዶውን ፈትተው የውስጡን ሽቦ ሲስቡት ግማሹ ብቻ ወጣ።

የዚህ ዕቃ አሠራር ያስደንቀኛል። ከጎማው የሚነሣው ሽቦ በመሸፈኛው ውስጥ እየተሽከረከረ ወጥቶ አንድ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በአሉሚኒየም ቆብ ውስጥ ይዞራል እንጂ ቆቡን አይነካውም። በአሉሚኒየሙ ውስጥ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ አዙሪት ግን ይጎትተዋል፤ ቀጭን ጥምዝ ሞላ ደግሞ ይይዘዋል። መርፌው የሚቆመው ሁለቱ ጉልበቶች በሚተካከሉበት ቦታ ነው። ኦቶ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ በዚህ አሠራር የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ነው። ቁጥሮቹ ግን በጥርስ ስለሚነዱ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የላቸውም፤ ዞሩ ወይም አልዞሩም።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አዲስ ሙሉ ኮንታኪሎሜትር ከዜሮ ይጀምራል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋውን መስማትም ያስደነግጣል። ሁለተኛው ካቦውን ብቻ መቀየር ነው። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ዋጋው ረክሶ ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ርዝመቱንና ባለ አራት ማዕዘን ጫፉን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ሽቦውን ግራሶ በስሱ ቀቡት፤ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ተዉት። ግራሶው ወደ ቆጣሪው ከወጣ መርፌውን ያጣብቀዋል። የፊት ጎማውን በለስላሳ ሳጥን ላይ አንሥተው በእጃቸው ሲያሽከረክሩት መርፌው ተንቀጠቀጠ።

«ልጄ፣ ቁጥሩንም ወደ ዘጠና ሺህ ላድርስልህ እንዴ? አልፎታል እኮ» አሉኝ።

«ይቅር ጋሼ፣ እንዳለ ይሁን» አልኳቸው።

በእኛ ሥራ ማስረጃ ያልተገኘለት ገንዘብ ወደ ማንም ደብተር አይገባም፤ እስኪጣራ ለብቻው ይቀመጣል። የአባቴን 30 ሺህ በካቻቢቴ አዙሬ ልጽፍለት አልችልም።

ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ አሃዝ እንዲገለበጥ 500 ያህል ዙር ያስፈልጋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤታችን በር ተነሥቼ በአባቴ መንገድ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ 9 ከ8 ጀርባ ብቅ ስትል ፍጥነቴን ማየት ረሳሁ። ከእንስሳት ክሊኒኩ በር ስደርስ ቆጣሪው 61,219 ይላል። በእርግጥም አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።