የአባታችን ስድስት ጎራሽ

መሣሪያን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ብረቱን ያያል፤ ብረቱን የሚይዘውን እጅና ብረቱ የሚቀመጥበትን ቤት ግን ብዙ ጊዜ ሳያይ ያልፋል። እኛም እንዲሁ ልናልፍ ጥቂት ቀርቶን ነበርና፥ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ጣራ ሥር ለሚያድሩባቸው ቤተ ሰቦች የገጠመንን ልንነግር ወደድን።

አባታችን የሚኖሩት በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ነው። ወደዚያ ከተሻገሩ በኋላ ለብዙ ዓመታት በነዳጅ ማደያ የሌሊት ሠራተኛ ሆነው አገልግለዋል፤ በዚያን ጊዜ ሌባ ፈርተው አንድ ያገለገለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ እንደ ሕጉ ገዙ። ሥራውን ከተዉ በኋላም ሽጉጡ ጥይቱን እንደ ጎረሰ በራስጌያቸው መሳቢያ ውስጥ ቆየ። እናታችን ካረፉ ወዲህ አባታችን ብቻቸውን ስለ ሆኑ፥ የልጅ ልጆቻቸው በየቅዳሜው እየመጡ ከእርሳቸው ዘንድ ያድራሉ። ከእነርሱም ታናሹ የ6 ዓመት ልጅ ነው።

እኛ ልጆቻቸው፥ ወንድምና እኅት፥ ስለዚያ መሳቢያ ደጋግመን ተናግረናቸዋል። መልሳቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የዚህ ቃታ ለእኔ እንኳ ይከብደኛል፤ የሕፃን ጣት ፈጽሞ አይስበውም» ይሉን ነበር። በመጨረሻም «እንግዲያውስ እናስመርምረው፤ ደኅና ከሆነ ከእኔ ጋር ይኑር፤ ካረጀም ይወገድ» ብለው ፈረዱ። በዚህ ተስማምተን አንድ ዓርብ ጧት ሦስታችንም ወደ ተኩስ መለማመጃ ስፍራ ሄድን።

ሽጉጡ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ ሥራ ነው። ይህ ዐይነት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ» በሚል ስም ወጣ፤ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ሞዴል 10» ተባለ። የአሜሪካ ፖሊሶች ለብዙ ዘመን ሲታጠቁት ኖረው፥ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት አብዛኞቹ ጥይቱን በእጀታው ውስጥ ወደሚይዘው ሽጉጥ ስለ ተዛወሩ፥ አሮጌው በርካሽ ዋጋ ለገበያ ቀረበ። አባታችን የገዙትም ከዚሁ ነው። ጥይቱ «ሠላሳ ስምንት ስፔሻል» ይባላል፤ በተለመደው ዐይነት ዐረሩ 10 ግራም ያህል ይመዝናል፥ ፍጥነቱም በሴኮንድ 230 ሜትር ገደማ ነው።

የስፍራው የመሣሪያ ባለሙያ በመጀመሪያ ስድስቱን ጥይቶች አውጥቶ ጕድጓዶቹን አንድ በአንድ በዐይኑም በጣቱም አረጋገጠ። ቀጥሎ ቃታውን በዝግታ እየሳበ፥ ተሽከርካሪው ክፍል እያንዳንዱን ጕድጓድ ከአፈሙዙ ጋር አስተካክሎ መቆሙን ስድስት ጊዜ ተመለከተ። ይህ ከተዛነፈ ዐረሩ የአፈሙዙን ከንፈር እየፋቀ ስለሚገባ፥ ፍንጣሪው በጎን ወጥቶ ተኳሹንም አጠገቡ ያለውንም ይጎዳል። ከዚያም በተሽከርካሪውና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን ልኬት ለካ፤ አፈሙዙንም በብርሃን አይቶ ጠመዝማዛ ቦዮቹ ጥርት ያሉ መሆናቸውን ነገረን። ከኋላ ያለውን መዶሻ ወደ ኋላ አቁሞ በአውራ ጣቱ ቢገፋው መዶሻው ከቦታው አልተነቃነቀም። «ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አለው» ብሎ ሲቀልድ አባታችን ደስ አላቸው።

በመጨረሻ ቃታውን በሚዛን መዘነው። መዶሻው ወርዶ ሳለ ቃታውን ለመሳብ 5 ኪሎ ያህል ኀይል ያስፈልጋል፤ መዶሻው አስቀድሞ ወደ ኋላ ከቆመ ግን 1 ኪሎ ተኩል ይበቃል። ባለሙያውም ባዶውን ሽጉጥ በሁለት እጁ ይዞ፥ ሁለቱን አውራ ጣቶች በመዶሻው ላይ ደርቦ ያለ ድካም ወደ ኋላ አቆመውና፥ «ልጆች ሲያገኙት የሚያደርጉት ይህን ነው» አለ። ይህ ሽጉጥ ከውጭ የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም። አባታችን ፈገግታቸውን ትተው ሚዛኑን ሲመለከቱ ቆዩ።

ከዚህ በኋላ ጆሮአችንን ሸፍነን፥ መነጽር አድርገን ወደ ተኩሱ ገባን። በ15 ሜትር ርቀት መዶሻውን እያቆምን በተኰስን ጊዜ፥ ስድስቱም ጥይቶች በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ዐረፉ፤ በከባዱ ቃታ በተኰስን ጊዜ ግን በወረቀቱ ሁሉ ተበተኑ። ብረቱ እንከን የለውም፤ እንከኑ ከእጃችን ነበር።

ተራው የአባታችን ሆነ። ከባዱን ቃታ ሁለት ጊዜ ሞክረው ጣታቸው አቃተው። መዶሻውን አቁመው ሁለት ተኰሱ፤ አንዱ ከወረቀቱ ጠርዝ ገባ። ሦስተኛውን ግን ገና ክንዳቸውን ሲያነሡ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ጣታቸው ቃታውን ነካው፤ ጥይቱም ከፊታችን ያለውን ወለል መታ። ማንም አልተናገረም። አባታችን አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀና ሽጉጡን በዝግታ አስቀመጡት፤ ተሽከርካሪውንም ከፍተው ቀለሆቹንና የቀሩትን ጥይቶች በመዳፋቸው ተቀበሉ።

«እርሱ ፈተናውን አልፎአል፤ እኔ ወድቄአለሁ» አሉን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ለካስ ለእኔ የከበደው ለልጁ አይከብደውም ኖሯል» አሉ።

እኛም ያን ጊዜ ዐፈርን። ብረቱ አርጅቶ ቢገኝ፥ «አባታችን ሆይ፥ ደክመዋል» የሚለውን ቃል ከመናገር እንድን ነበርና፥ በልባችን ስንመኝ የሄድነው ይህንኑ ነበር። እርሳቸው ግን ቃሉን ራሳቸው ተናገሩት።

ሱቁ መሣሪያ ለመግዛትና ለመሸጥ ፈቃድ ስለ ነበረው፥ ወረቀቱን ፈርመው ሽጉጡን በዚያው ዕለት ሸጡት። በገንዘቡም ለደጃፋቸው ጠንካራ ቁልፍና ሰው ሲቀርብ የሚበራ መብራት አስገቡ፤ ለካስ ሽጉጡን ያስያዛቸው የሌሊቱ ጨለማ ነበር።

መሣሪያን በቤቱ የሚያኖር ሰው ቢኖር፥ ባዶውን በካዝና ይቈልፈው፤ ጥይቱንም ለብቻው ይቈልፍበት፤ «ሕፃን አይችለውም» በሚለው ግምት ግን አይተኛ። በዓመት አንድ ጊዜም ብረቱን ሲያስመረምር የገዛ እጁን አብሮ ያስመርምር።

በዚያ መሳቢያ ውስጥ ዛሬ ታናሹ ልጅ ቀለማቱንና ደብተሩን ያስቀምጣል።