«ጥቁር አፈር ለም ነው» ብዬ አስተምሬ ነበር

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ 9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማርኳችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለእናንተ እርማት ነች።

በ2007 ዓ.ም. ሰሌዳ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጥቁር አፈር፦ ለም፣ ውሃ የመያዝ አቅሙ ከፍተኛ፣ ለእርሻ ተስማሚ።» እናንተም ገለበጣችሁ። ፈተና ላይ ጠየቅኳችሁ። አንዲት ልጅ «ክረምት ውሃ ያቁራል፣ እህል ያበሰብሳል» ብላ ስትጽፍ ኤክስ አደረግኩባት። (ይህን ካነበብሽ ይቅርታ፣ ሁለት ማርክ አለብኝ።)

በ2014 ጥቅምት ላይ ጊንጪ መናኸሪያ ቆሜ የአምቦ መኪና ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። መልኩን እንጂ ስሙን ረስቼዋለሁ። ቡና ልጋብዝዎት አለኝና ተቀመጥን። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰ አዲስ አበባ ሄዶ ግንባታ ላይ ሠርቷል። ባጠራቀማት ብር ከጊንጪ በታች፣ አዋሽ ዳር ካለው ሜዳ ላይ መሬት ለሦስት ዓመት በኮንትራት ያዘ። ምርጥ ዘር ስንዴ ገዛ፣ ማዳበሪያ ገዛ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዘራ። አባቱ «ኮቲቻ ነው፣ ውሃው እስኪሸሽ ተወው» ቢሉትም አልሰማቸውም።

«አባቴ አልተማረም፣ እኔ ግን ተምሬያለሁ ብዬ» አለኝ። «ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆነ። ዩሪያ ጨመርኩበት። ይባስ ቢጫ ሆነ። ነሐሴ ላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሞተ። ቲቸር፣ እርስዎ ለም ነው ብለውን ነበር እኮ» ብሎ ሳቀ።

የገደለኝ ሳቁ ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የአምስት ዓመት ላቡ ነው እኮ! ቡናዬን ሳልጨርስ መኪናው መጣ። «በበጋ እመጣለሁ፣ አብረን እንቆፍረዋለን» አልኩት። ምን እንደምቆፍር እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር ነኝ፣ የአፈር ተመራማሪ አይደለሁም። ግን እስከ ጥር ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ጥር ላይ ሄድኩ። ሜዳው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ምጣድ ሆኗል፣ ስንጥቁ ውስጥ እጄ እስከ ክርኔ ይገባል። ዶማና አካፋ ይዘን ሁለት ጉድጓድ ቆፈርን፣ አንዱን ከፍ ካለው በኩል፣ ሌላውን ወደ ወንዙ ዝቅ ካለው በኩል። አባትየው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። «መምህር፣ ይኼ አፈር በጋ ድንጋይ፣ ክረምት ሙጫ ነው» አሉ። መጽሐፉ በአንድ ምዕራፍ የሚለውን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት።

አፈሩ በሳይንስ ስሙ ቨርቲሶል ይባላል። በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ ኮቲቻ፣ በአማርኛ መረሬ፣ ሌላ ቦታ ዋልካ ይሉታል። ቢያንስ 30 በመቶው ሸክላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ። ሸክላው ደግሞ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ዓይነት ነው። በበጋ ሲሰነጠቅ የላዩ አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል፣ ክረምት ሲያብጥ የታችኛው ቦታ አጥቶ እየተገፋ ይንሸራተታል። ስሙም «መገልበጥ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፣ አፈሩ ራሱን በራሱ ያርሳል እንደማለት። ከጉድጓዱ ግድግዳ ጓል ፈልቅቀን ስናይ ጎኑ እንደ ተወለወለ መስታወት ያብለጨልጫል። ይህ የመንሸራተቱ ምልክት ነው። የግድግዳችን መሰንጠቅ፣ የአጥራችን መጋደም፣ ኮቲቻ ላይ የተሠራ አስፋልት እንደ ማዕበል መሆን፣ ሁሉም ከዚሁ ነው። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል።

ታዲያ ለም ነው አይደለም? እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ጥቁረቱን እንደ ፍግ ጥቁረት ቆጠርኩት። መረሬ ጥቁር የሆነው ብስባሽ ስለሞላው አይደለም፣ ያለው ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር ጥብቅ ብሎ ስለተጣበቀ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዟል፣ እውነት ነው፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ብዙ ጊዜ ይጎድለዋል። «ውሃ የመያዝ አቅሙ ከፍተኛ» ያልኩትም ግማሽ እውነት ነው። ውሃውን ይይዛል፣ ግን አያሳልፍም። መጀመሪያ ዝናብ በስንጥቁ እንደ ቦይ ይገባል፣ ስንጥቁ ሲዘጋ ቀሪው ዝናብ ላዩ ላይ ይተኛል።

ስንዴው ለምን ቢጫ ሆነ? ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ሲሞላ ያለው ኦክስጅን በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ከዚያ አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ወደ ናይትሬት ይዞራሉ፣ ናይትሮጅኑም ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ልጁ በብድር የጨመረው ዩሪያም ብዙው መንገዱ ይኸው ነው። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ጓሉን በእጁ ሲያደቅ ቆየ።

ናይትሬት ሲያልቅ ባክቴሪያዎቹ ብረት ላይ ይደርሳሉ። የዛገ ብረት ቀይ ነው፣ ኦክስጅኑን ሲነጠቅ ግን ይሟሟል፣ አፈሩም ግራጫ፣ አንዳንዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይሆናል። አየር መልሶ በገባበት ቦታ ዝገቱ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። የላይኛው ጥቁረት ስለሚደብቀው ከግማሽ ሜትር በታች መፈለግ አለባችሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ የምደባ ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እኔ «ክላሲፊኬሽን» ስል ለፈተና የሚሸመደድ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከላይኛው ጉድጓድ ያወጣነውን ጓል ስንሰብር ውጪው ግራጫ፣ ውስጡ የዛገ ነው። ከታችኛው ያወጣነው ደግሞ ተቃራኒ ነው፦ ውስጡ ግራጫ፣ ዝገቱ በሥር ቀዳዳና በጓሉ ገጽ ላይ። የመጀመሪያው ውሃው ከላይ ዘንቦ መውረጃ ያጣ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ውሃው ከሥር፣ ከከርሰ ምድር እየወጣ መሆኑን። እንደውም ታችኛው ጉድጓድ በጥር እንኳ ወለሉ ላይ ውሃ አቆረ። በዓለም አቀፉ አመዳደብ ሁለቱም ቨርቲሶል ናቸው፣ ምክንያቱም በመለያው ቅደም ተከተል ቨርቲሶል ግሌይሶል ከሚባለው ረግረጋማ አፈር ቀድሞ ይጠየቃል። ልዩነቱ ቅጥያው ላይ ነው፦ የላዩ ስታግኒክ፣ የታችኛው ግሌይክ። ወንዙ አፋፍ ድረስ ብትሄዱ ደግሞ ሌላ ነው፣ አሸዋና ደለል በየጎርፉ ተደራርቦ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይታያል፣ እሱ ፍሉቪሶል ነው።

ከላይ የመጣን ውሃ ፈሰስ አውጥተህ ታስወግደዋለህ። ከሥር የሚወጣን ግን በበሬ ፈሰስ አታሸንፈውም። ልጁ ቶሎ ገባው። «እንግዲህ ላዩን ልሥራው፣ ታቹን ልተወው» አለ። አባትየው «ታቹስ የሽምብራ ነው፣ ድሮም የሽምብራ ነው» አሉ። ጓያም ይችለዋል፣ ግን በችግር ጊዜ ለወራት እሱን ብቻ የበላ እግሩን እንደሚያሽመደምድ የሰማ ሁሉ ይፈራዋል።

ለላዩ መሬት ቢቢኤም የሚሉት አለ። በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከእኛው ማረሻ ያወጣው ነው። 80 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ መደብ ይሠራል፣ በመደቦቹ መሃል 40 ሳንቲሜትር ቦይ። ጊንጪም የሆለታ ምርምር ማዕከል ንዑስ ጣቢያ ስላላት በዚህ አፈር ብዙ ተሠርቶባታል። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ገበሬው መደቡን በእጁ ይሠራዋል። እኛ መሣሪያውን ስላጣን በተራ ማረሻ አውጥተን በዶማ አስተካከልነው። (ሁለት ቀን ሠርቼ ሳምንት ጀርባዬን ታምሜያለሁ፣ ጠመኔ መያዝ እንዴት ያለ በረከት ነው!)

ማንም ያልነገረን ችግር ሰኔ ላይ መጣ። ቦዩ ውሃውን ያወጣል፣ ግን ወዴት? ወደ ጎረቤት ጤፍ! ሰውየው ዱላ ይዞ መጣ፣ እውነቱንም ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ አራት ባለመሬቶች በድንበራቸው አንድ የጋራ ቦይ እስከ ወንዙ እንዲቆፍሩ ተስማሙ። የትኛውም ማስታወሻዬ ላይ «አፈር ስታጠነፍፍ ከጎረቤትህ ጋር ተስማማ» የሚል አልነበረም።

በዚያ መኸር የላዩ ስንዴ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ተአምር አልሆነም። የዘሩንና የማዳበሪያውን መለሰለት፣ ትንሽ ተረፈው። የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ግን አልተመለሰም፣ የዩሪያው ብድርም ገና አላለቀም። ኮንትራቱም አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶታል፣ ባለመሬቱ መሬቱ ሲያምር አይቶ ዋጋ ሊጨምር ይችላል ብሎ ይሰጋል።

ታኅሣሥ ላይ ከታችኛው መሬት የሽምብራ እሸት በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ከነሥሩ ነቅሎት ጥቁሩ ጭቃ ሥሩ ላይ ደርቋል። ክፍል ይዤው ገባሁና ለ9ኛ «ሐ» አዞርኩት። እሸቱን በልተው ጨረሱት፣ ጓሉን ግን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሰሌዳው ላይ «ጥቁር አፈር» ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ ያለውን ባዶ ተውኩት። «ቤታችሁ ጠይቃችሁ ሙሉት» አልኳቸው። ሰኞ 41 መልስ መጣ፣ እያረምኩ ነው።