«የተረፈውን ትበላለች» ተብላ የመጣችው አምባዛ

ጅማ ላይ ሆናችሁ «ቤቴ ውስጥ ዓሣ አለኝ» ብትሉ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ጥብስ ነው ጉላሽ?» ብሎ ነው። «የለም፣ ለማየት ነው» ስትሉት ደግሞ ትንሽ ዝም ብሎ ያያችኋል። እማዬማ «ዓሣ ይበላል እንጂ ይታያል እንዴ? ሥራ ፈት!» ብላ ገላግላኛለች። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የመስተዋት ዓሣ ቤት ይዞ ስለመኖር ነው። እግረ መንገዴንም አንዲት አምባዛ በእኔና በእጮኛዬ መሀል ያስነሳችውን ክርክር እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጮኛዬ የቡና ሰው ነው። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንዴም እስከ ጥር፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ጌራ እያለ ይከርማል። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ በቡና ወቅት ግን አሜሪካን ያህል ትርቃለች! ታዲያ «ብቸኝነት እንዳይሰማሽ» ብሎ መስተዋት ቆራጭ ዘንድ ሄዶ 80 ሊትር ገደማ የሚይዝ የዓሣ ቤት አሠራልኝ። ያቺ የምከራያት አንድ ክፍል ቤት መሰለች። አሸዋውን አንጥፌ፣ ውሃውን ሞልቼ፣ ምን ዓይነት ዓሣ እንደሚሻል ሳጠያይቅ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አንጠልጥሎ ከች አለ። የግቢው ልጆች «ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!» እያሉ ተከትለውታል። ጀሪካኑ ውስጥ ግልገል ጊቤ በኩል ከሚያጠምዱ ልጆች የገዛት፣ ጣት የምታህል አምባዛ ነበረች።

«ይቺ አታስቸግርሽም። ውሃው ቢቆሽሽም ትኖራለች፤ የተረፈውን ትበላለች» አለኝ ኮራ ብሎ።

ተቀበልኩት፣ አመሰገንኩት፣ ሻይ አፈላሁለት። ከዚያ «ይቺ ግን እዚህ አትኖርም» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ! ስጦታን መመለስ ሰውየውን መመለስ ይመስላል፤ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ።

አምባዛ ጠንካራ ዓሣ መሆኑ እውነት ነው። ቅርፊት የለውም። እነ እማዬ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ጠቅሰው የማይበሉትም ለዚሁ ነው። በአፉ ዙሪያ 8 ሪዞች አሉት፤ በጨለማም ሆነ በደፈረሰ ውሃ ምግቡን የሚያገኘው በእነሱ እየዳሰሰ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ከስንጥቡ ሌላ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ተጨማሪ መተንፈሻ አለው። በዚህም ብቅ ብሎ አየር ይስባል። ኩሬ ሲደርቅ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ይሰነብታል፤ በእርጥብ ሌሊት እየተሳበ ወደ ሌላ ውሃ የሚሻገርበትም ጊዜ አለ።

የእኛ አገር ወንዞች በቡና ወቅት ምን እንደሚገጥማቸው የቡና ከተማ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የሚለቀቀው ገለባና የሚያሟልጭ ፈሳሽ ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ያሟጥጠዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ሌላው ዓሣ ታፍኖ ሲያልቅ፣ አምባዛ አፉን ብቅ እያደረገ ቀኑን ሊያሳልፍ ይችላል።

ታዲያ ቻለው ማለት ተመቸው ማለት ነው እንዴ? ያቺ ጣት የምታህል አምባዛ ዓመት ሳይሞላት ክንድ ታክላለች። አምባዛ በደንብ ሲያድግ ከ1 ሜትር ያልፋል። የእኔ መስተዋት ከዳር እስከ ዳር 80 ሳንቲ ሜትር ነው! በዚያ ላይ ሌሊት ተነስታ አፏ የሚችለውን ትንንሽ ዓሣ ሁሉ ስልቅጥ ታደርጋለች።

«ትችለዋለች እኮ!» አለኝ።

«እሱንማ ትችለዋለች። እኔ የምፈልገው የምትችለውን ሳይሆን የሚስማማትን ነው። ደግሞ መስተዋቱን ወድጄዋለሁ፤ ዓሣውን አብረን እንምረጥ» አልኩት።

እህቶቼ፣ ስጦታ የማይሆን ሆኖ ስታገኙት እንዲህ ብትሉ ይሻላል። የወደዳችሁትን ለይታችሁ ተናገሩ፤ የማይሆነውን ከነምክንያቱ አስረዱ፤ ቀጥሎ የሚደረገውን ደግሞ ለሁለት አድርጉት። ትንሽ አኩርፎ ነበር፤ ማክሰኞ ግን ራሱ ይዟት ሄደና ከአጋሮ ወጣ ብሎ የዓሣ ኩሬ ላለው አንድ ገበሬ ሰጣት። ቆሮሶ የሚያረቡ ሰዎች ጫጩቱ ሲበዛባቸው ጥቂት አምባዛ ይጨምራሉ፤ እየበላ ቁጥሩን ይቀንስላቸዋል። አንድ ቀን ድስት መግባቷ አይቀርም፤ እስከዚያው ግን የምትዞርበት ስፋት አላት። አደራ፣ ቤት የከረመ ዓሣ ሲሰለቻችሁ ያገኛችሁት ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ! በተለይ ከሱቅ የተገዛ የውጭ አገር ዓሣ በሽታ ሊያዛምት፣ ያገሩንም ዓሣ ሊሻማ ይችላል።

እሺ፣ ለቤት የሚሆነው የአምባዛ ዘመድ የትኛው ነው? ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ «መስተዋት ጠራጊ» የሚሉትን ፕሌኮን ነው። ሲገዛ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የተለመደው ዓይነት ሲያድግ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ጠራጊ መባሉም ያሳስታል፤ አረንጓዴውን ሽበት ይልሳል እንጂ ኩስ አይጠርግም። እንዲያውም እሱ ራሱ ብዙ ይኩሳል! ስለዚህ ዓሣ ስትመርጡ የዛሬ መጠኑን ሳይሆን የዛሬ 2 ዓመቱን ጠይቁ።

እኛ የመረጥነው ኮሪዶራስ የሚባለውን ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ከዓይነቶቹም ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስለውን ወሰድን። ይህ ዓሣ ቻርለስ ዳርዊን በ1830ዎቹ በመርከብ ሲዞር ከሰበሰባቸው አንዱ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። ቢያድግ ቢያድግ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጅማ የሚስማማበት ምክንያት ደግሞ ሌላው የሱቅ ዓሣ ሙቀት ሲፈልግ እሱ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ያለ ውሃ ስለሚወድ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷን ታውቃላችሁ። መብራት በሄደ ቁጥር በሚጠፋ ማሞቂያ ከመጨነቅ ብርዱን የለመደውን መምረጥ ይሻላል።

ስትገዙ አትቸኩሉ። ሪዞቹ ያልተቆረጡ፣ ሆዱ ያልጎደጎደ፣ ሲተነፍስ የማይጣደፍ ይሁን። በዚያው መስተዋት ውስጥ የሞተ ዓሣ ካያችሁ ጥላችሁ ውጡ። ሻጩን «እስቲ ሲበላ አሳየኝ» በሉት፤ ነውር የለውም። ኮሪዶራስ ብቻውን አይሆንለትም፤ ቢያንስ 6 ሆነው ነው የሚኖሩት። ከአዲስ አበባ ካስመጣችሁ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በኦክስጅን የተሞላ ፌስታል ይሁን፤ ከፀሐይም ጠብቁት። ቤት ስትደርሱ ፌስታሉን ውሃው ላይ 20 ደቂቃ ያህል አንሳፉት፤ ሙቀቱ ይመጣጠናል። በመረብ ስታወጡት ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ይያዝበታልና በኩባያ መቅዳት ይሻላል።

አያያዙ ላይ የምለውን በጥሞና ስሙኝ፦

መስተዋቱ ሲሞላ ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ የጅማ በርጩማ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን አትጫኑበት! ከፀሐይ፣ ከከሰል ጭስና ከፍሊት አርቁት። ለወባ ትንኝ የምትረጩት ፍሊት ዓሣን ይገድላል።

አዲስ ውሃ ንጹሕ ስለመሰለ አትመኑት። ከዓሣው ኩስና ከምግብ ትርፍራፊ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። እሱን የሚያስወግዱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዓሣው ሳይገባ፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራውን የስፖንጅ ማጣሪያ ከፍታችሁ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ ጣል እያደረጋችሁ ጠብቁ። እጮኛዬ «ስድስት ሳምንት ባዶ ውሃ ልናይ ነው?» ብሎ ስቆብኛል። አየን!

በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በሰፊ ባልዲ ክፍት አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩት። የወንዝ ውሃ፣ በተለይ በቡና ወቅት፣ አታስገቡ። ስፖንጁን ከመስተዋቱ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት፤ ሳሙና እንዳይነካው። አሸዋው ደቃቅ ይሁን፤ ስለታም ጠጠር ሪዛቸውን ይቆራርጠዋል።

መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጡ። ከቆየ ውሃውን በጣሳ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት፤ አየር ይገባበታል። ኮሪዶራስም እንደ አምባዛ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፤ እሱ የሚጠቀምበት በአንጀቱ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነ ጤና ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካመላለሰው ግን ውሃው ተበላሽቷል ማለት ነውና ቶሎ ቀይሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የታች ዓሣ «የተረፈውን ይበላል» ተብሎ ብዙ ቤት በረሃብ ይሞታል። የላይኞቹ ዓሦች ካልተረፋቸውስ? ኮሪዶራስ የራሱ፣ ወደ ታች የሚሰምጥ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ በጥቂቱ ጣሉለት። አልፎ አልፎ የተከተፈ የመሬት ትል ይወዳል። የእንጀራ ፍርፋሪ ግን ውሃውን ያበላሻል። በደንብ ከተያዘ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ከስንት እጮኝነት የሚረዝም ዕድሜ ነው!

«ለዓሣ ይህን ያህል?» የምትሉ አትጠፉም። ልንገራችሁ። ባለፈው ወር የእጮኛዬ እናት ዘንድ ቡና ተጠርተን ስለ ሠርጋችን ስንጫወት፣ «ከገጠር የዘመድ ልጅ እሰጣችኋለሁ፤ 11 ዓመቷ ነው። አታስቸግራችሁም፤ ትላላካለች፣ የተረፈውን ትበላለች፣ ማታ ማታ ትማራለች» አሉን። በደግነት ነው ያሉት። እጮኛዬ ግን ስኒውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። የጀሪካኑ ቃል እኮ ነው! ልጅን ከዓሣ ማወዳደሬ አይደለም፤ ቃሉ አንድ ሆኖብን ነው።

እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ጀመረ። «እማዬ፣ የምትመጣ ከሆነ ቀን ትማር፤ የራሷ አልጋ ይኑራት፤ ከእኛ ጋር ገበታ ትቅረብ። ይህን ካልቻልን እናቷ ጋ ትቆይ» አላቸው።

እናቱ ከፋቸው። «እኔን ማን ቀን አስተማረኝ? ማንስ ገበታ አቀረበኝ? ይኸው ኖሬ የለም ወይ?» አሉ። ምን ይባላል? ኖረዋል፤ ችለውት ኖረዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ዝም አልኩ።

ነገሩ አሁንም አልተቋጨም። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። የምንከራየውን ቤት ሰሞኑን አይተነዋል። እጮኛዬ ሜትር ይዞ ትንሿን ክፍል ሲለካ ነበር፤ መስተዋቱን ሊያቆምባት መስሎኝ ስጠይቀው «የለም፣ አልጋ ይገባ እንደሆነ ነው» አለኝ። ዓሦቹ ሳሎን ይሆናሉ፤ ከመስኮቱ ራቅ ብለው።

በሉ፣ ቸር እንሰንብት!