«የሶፊ ዓለም» እና የእኛ ዝምታ

በታኅሣሥ ወር በኦስሎ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ነው። ረጅሙን ሌሊት ለማሳጠር ስንል በክሪንግሾ የተማሪዎች መኖሪያ የምንገኝ ጥቂት ኢትዮጵያውያን የንባብ ክበብ አቋቋምን፤ የአገሩንም ቋንቋ እንድንለማመድበት ዮስታይን ጎርደር የጻፈውን «የሶፊ ዓለም» የተባለ የወጣቶች ልብ ወለድ መረጥን። መጽሐፉ በ1991 እዚሁ ኖርዌይ የታተመ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው የፍልስፍና መምህር ነበር። ሥራው ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ዓለምን ዞሯል።

ሶፊ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፖስታ ሣጥኗ ውስጥ ማንነቷን የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ ታገኛለች፤ ቀጥሎም ዓለም ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሌላ ይደርሳታል። አልቤርቶ ክኖክስ የተባለ መምህርም ከጥንታውያን ግሪኮች አንሥቶ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በፍልስፍና ጎዳና ይመራታል። ወደ መካከሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሶፊና መምህሯ በእውን ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ በሊባኖስ በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ የሚያገለግል አንድ ሻለቃ ለሴት ልጁ የልደት ስጦታ የጻፈው መጽሐፍ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ከዚያ ወዲያ የተረት ፍጡራን በታሪኩ ውስጥ እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ፤ ሁለቱም ከጸሐፊያቸው እጅ የሚያመልጡበትን ዘዴ ይሻሉ።

አንሸሽግም፤ ወደድነው። ጥርጣሬን ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ማስተማር ቀላል ሥራ አይደለም።

ዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ላይ ስንደርስ ግን እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በሩን በሩን እናይ ጀመር። ዴካርት መጣ፤ ስፒኖዛ መጣ፤ ሎክም መጣ። የእኛ ሰው አልመጣም። በዚያው ዘመን በንጉሥ ሱስንዮስ የሃይማኖት ጠብ ከአክሱም ሸሽቶ፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት በዋሻ የተቀመጠው፣ በ1667 ሐተታውን እንደ ጻፈ የሚነገርለት ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፉ የለም። በሰሜን አፍሪቃ የተወለደው አውግስጢኖስ ቢነሣም፣ የሚነሣው በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ትረካ ውስጥ ነው። መጽሐፉ ግን ራሱን ያለ አንዳች ገደብ የፍልስፍና ታሪክ ልብ ወለድ ብሎ ይጠራል። ልጅቱን ሁሉን ጠይቂ እያለ የሚያስተምር መጽሐፍ የገዛ ራሱን አጥር አልጠየቀም። ሶፊ የሌላ ሰው መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ መሆኗን ባወቀች ጊዜ ትደነግጣለች፤ እኛ ደግሞ ገጸ ባሕርይ እንኳ አለመሆናችንን አውቀን ደነገጥን።

ለዚህ መጽሔት የሚሆን ብርቱ ሂስ ለመጻፍ ብዕራችንን አነሣን። ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና በእንግሊዝኛ ማሳተማቸውን ጠቅሰን፣ ደራሲው አላወቅሁም ሊል አይችልም ልንል ተዘጋጀን። በዚሁ መካከል ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርቷ የምናግዛት፣ ኦስሎ የተወለደች የአገራችን ልጅ መጣች። መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አይታ፣

«በእኛ አገር ያሰበ ሰው አልነበረም እንዴ?» አለች።

ከአፋችን ተቀባብለን ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ነገርናት። አዳምጣ ስትጨርስ፣

«ጋሼ፣ እናንተስ አንብባችሁታል?» ብላ ጠየቀች።

ክበቡ ጸጥ አለ። ስሙን ሁላችን እናውቃለን፤ በክርክር ላይ እንደ ጋሻ አንሥተነዋል። መጽሐፉን ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አላነበበውም። ከእኛ ይልቅ ዳግ ሄርቢየርንስሩድ የተባለ ኖርዌጃዊ የሐሳብ ታሪክ ጸሐፊ በ2017 ስለ እርሱ ጽፎ ለዓለም አንባቢያን አስተዋውቆታል። ከሣሽ ሆነን የቆምን ሰዎች ያን ጊዜ ተከሳሽ ሆንን።

ከዚያ በኋላ ሐተታውን በአማርኛ ትርጉም አገኘነው። የጠበቅነው የኩራት ሐውልት ነበር፤ ያገኘነው ግን የሚጨነቅ ሰው ነው። በዋሻው ሲጸልይ ጸሎቱን የሚሰማ መኖሩን ይጠራጠራል፤ ራሴን አልፈጠርሁም፣ ወላጆቼም አልፈጠሩኝም እያለ ወደ መጀመሪያው ፈጣሪ በልቡናው ይወጣል። በእንፍራዝ ያስጠጋው የሀብቱ ቤት አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን ሲያገባ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ አትባልም ይላል። ስለ እኩልነት ስንት መፈክር ያስተጋባን እኛ ይህን ቃል ከአገራችን መጽሐፍ ሳንሰማው ኖረናል።

አንድ ፈተናም ቀርቶናል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ሐተታውን የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን፣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ብራናውን ከኢትዮጵያ የላከው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ተከራከረ። ሰምነር በዝርዝር ተቃወሙት፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ከመካከላችን አንዱ ይህን ለልጅቱ መንገር አያስፈልግም አለ። ተከራከርን፤ በመጨረሻም ነገርናት። የመጠየቅን መጽሐፍ ጥያቄ እየሸሸጉ ማስተማር የነቀፍነውን ጥፋት መድገም ይሆን ነበርና።

ወገኖች ሆይ፤ በጎርደር መጽሐፍ ላይ ያለን ቅሬታ አልተሻረም፤ ፍልስፍናን በአውሮፓ ቅጥር ውስጥ መዝጋቱ ስሕተት ነው። ነገር ግን ግለ ሂስ ያልቀደመው ሂስ ባዶ ጩኸት ነው። እናንተም በየምትገኙበት ከተማ ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት መጽሐፉን ክፈቱ።

ክበባችን ሐተታውን ከመጀመሪያው ለመድገም ወስኗል። ልጅቱም ልትቀመጥ ፈቅዳለች፤ ነገር ግን ፊደሉን ገና አልቆጠረችም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሀ እንጀምራለን።